የአርብ ማለዳው ጽሑፍ

ሰው አላምንም። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው። መኪናዬን ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ በሩን እሞክራለሁ። ስልክ ደውሎ የራሱን ስም ሳይናገር የእኔን የሚጠይቅ ሰው ላይ እዘጋለሁ። ባለቤቴ ፀጋ «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች።

ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ስምንት ወር ታስሬአለሁ። ያሳሰረችኝ ኪሴ ውስጥ የተገኘች ብጣሽ ወረቀት ናት። ወረቀቷ ላይ ቁጥሮች ነበሩ፤ መቶ ሁለት፣ ሰባ ስድስት፣ አርባ። ልብስ ሰፊው የሱሪዬን ልክ የጻፈባት ነበረች። መርማሪዬ ግን «ኮዱን ፍታ» ይለኝ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ «ኮዱን ፍታ» አለኝ፤ እኔ የምፈታው ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅልኝ መጀመሪያ የማስበው ምን ፈልጎ ነው የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ላይ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ማኅበራችን ዌብሳይት ይኑረን ብሎ ሲወስን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀን ኤደን ፕሬሪ፣ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ዌብሳይት መሥራት የተማርኩት ከላይብረሪ ከተዋስኩት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስረዝሜ ወስጄዋለሁ። ዛሬ ልጆች ከሰዓት በፊት ጀምረው ከሰዓት በኋላ የሚጨርሱትን እኔ በኖትፓድ መስመር በመስመር ጽፌ አራት ወር ፈጀብኝ። አንዲት ቅንፍ ረስቼ ገጹ በሙሉ ባዶ ሆኖብኝ ሁለት ቀን ስፈልጋት የቆየሁበት ጊዜ አለ። የጻፍኩትን ገጹ ወደሚቀመጥበት ሰርቨር በስልክ መስመር ስሰድ ሞደሙ እየጮኸ፣ ፀጋ ለእህቷ ልትደውል ስልኩን ታነሳና ሥራዬ ሁሉ እመሃል ላይ ይቋረጣል።

ገጹ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው የተጠፋፉ ሰዎች ዝርዝር ነው። ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ በሱዳን ወይ በኬንያ በኩል የመጡ ናቸው፤ በመንገድ ላይ ወንድም፣ እናት፣ ባል ጥሎ ያልመጣ ጥቂት ነው። የተፈላጊውንና የፈላጊውን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ፤ ፎቶ ያለውን ፎቶውን ለጠፍኩ። ሁለተኛው የእንግዶች መዝገብ ነው፤ ገጹን ያየ ሰው ሁሉ አስተያየቱን ጽፎ ይልካል፣ የላከው ወዲያው ገጹ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያው ወር እዚህ መዝገብ ላይ በእንግሊዝኛ ስድብ የሚጽፉ መጡብኝ። እኔም ከላይ በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ አወጣሁ፤ በአማርኛ ካልሆነ አትጻፉ የሚል። ያቺን ማስጠንቀቂያ ልብ በሉልኝ።

ከዝርዝሩ አራተኛው ስም ናሆም ፈለገ ነበር። ፈላጊው እህቱ ሮማነወርቅ ናት። ቡርንስቪል በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ ዝምተኛ ሴት ናት። ፎቶውን ልትሰጠኝ ቤቴ የመጣች ቀን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታሪኩን ነገረችኝ። ከወንድሟ ጋር ኬንያ ካምፕ ውስጥ ነበሩ። እሱ ሥራ ፍለጋ ሞምባሳ እንደሄደ የእሷ ስም ለአሜሪካ ተጠራ። ቅጹ ላይ ከማን ጋር ነሽ ሲሏት ጉዳዩ እንዳይጓተትባት ፈርታ «ብቻዬን ነኝ» ብላ ፈረመች። እዚህ ደርሳ የላከችው ደብዳቤ ሁሉ ተመልሶ መጣ። ይኸው ስድስት ዓመት።

«ጋሽ ንዋይ፣ ካየው የተውኩት ነው የሚመስለው» አለችኝ። «ስሜን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አላውቅም። ግን ያንብበው።»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ትደውልልኛለች። «ምንም የለም?» ትለኛለች። «የለም» እላታለሁ።

አሁን ስለ ነጅሙዲን ልንገራችሁ። ነጅሙዲን የደሴ ሰው ነው። ሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ አርብ የማይከፍታት ትንሽ ማተሚያ ቤት አለው፤ የሠርግ ካርድ፣ የኢድ ማስታወቂያ፣ የማኅበር ጥሪ፣ የሐዘን ወረቀት ሁሉንም የሚያትመው እሱ ነው። ዌብሳይቱ ሲጀመር ስብሰባ ላይ ተነስቶ አማርኛው እሱ በሚጠቀምበት ፎንት፣ በእሱ የኮምፒውተር ፊደል፣ ይጻፍ አለ። እኔ ሌላ ፎንት ይዤ ነበር፤ ገጹን ግማሽ ጽፌበታለሁ። ተከራከርን። እሱ እየሳቀ ነው የሚከራከረው፣ እኔ ደም ሥሬ ተገትሮ። ድምፅ ተሰጠና የእኔ አለፈ። ነጅሙዲን ሊጨብጠኝ መጣ። «እንኳን ደስ አለህ፤ ግን ሰው ሁሉ ባንተ ፊደል የሚጽፍ እንዳይመስልህ» አለኝ። እኔ ያንን ዛቻ ብዬ ያዝኩት።

በሚያዝያ ወር አንድ አርብ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት እንደ ልማዴ መዝገቡን ከፈትኩ። አዲስ ጽሑፍ ገብቷል። ፊደሉ የእኛ ፊደል ነው፤ ቃል ግን የለውም። ቿ፣ ዥ፣ ጴ፣ ኰ፣ እንደገና ቿ፤ አንድም የሚነበብ ነገር የለም። መካከሉ ላይ ብቻ ስምንት አሃዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዜሮ ሁለት ይጀምራል።

የሚስጥር ጽሑፍ ነው አልኩ። ፊደሉን አቀያይረው የጻፉት፣ ቁጥሩ ደግሞ መፍቻው። የሆኑ ሰዎች እኔ የሠራሁትን ገጽ፣ የድሆች ስም ያለበትን ገጽ መልእክት ማቀባበያ አድርገውታል። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው ማነው? የገጹ ጠባቂ ተብሎ ከሥር የተጻፈው ስም የእኔ ነው። ፀጋን ጠርቼ አሳየኋት። «ምናልባት ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ይሆናል» አለች። አይ የሴት የዋህነት ብዬ ፋይሉን ከፍቼ ጽሑፉን ከነቁጥሩ አጠፋሁት። የራሴው መዝገብ ላይ የመጀመሪያውን ነገር ያጠፋሁት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው አርብ ደግሞ መጣ። በዚያው ሰዓት፣ በፈረንጅ አምስት ከሩብ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ። አጠፋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ነቅቶ የሚገኝ ማን ነው? ሱብሂ ሊሰግድ የሚነሳ ሰው። አርብ አርብ ከሥራ ነፃ የሚሆን ማን ነው? አርብ ሱቁን የማይከፍት ሰው። አማርኛ ፊደል ከነቁጥሩ አገላብጦ የሚያውቅ ማን ነው? ሦስቱም መንገድ አንድ ቤት ወሰደኝ።

የሰርቨሩን ሎግ ከፈትኩ። ሎግ ማለት ገጹን የከፈተ ኮምፒውተር ሁሉ ቁጥሩን ጥሎ የሚያልፍበት መዝገብ ነው። የአርቡን ቁጥር አገኘሁ፤ የማን እንደሆነ ስፈልግ አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ የሳተላይት ድርጅት ስም ተመዝግቧል። ከዚሁ ነው አልኩ። ከዚሁ ከመካከላችን ነው። የሳተላይት ድርጅት ለማን ለማን መስመር እንደሚሸጥ ማጣራት ነበረብኝ፤ አላጣራሁም። የፈለግሁትን መልስ ስላገኘሁ ጥያቄውን ተውኩት።

ሦስተኛው አርብ ላይ ተዘጋጅቼ ጠበቅኩት። ጽሑፉ ሲገባ መጀመሪያ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት፣ ቀጥሎ በወረቀት አተምኩት፤ ማስረጃ መሆኑ ነው። በዚህኛው ላይ ቁጥር አልነበረበትም። ከዚያ ከገጹ ላይ ደመሰስኩትና ለሰርቨሩ አንዲት መስመር ጻፍኩለት፤ ከዚህ ቁጥር የሚመጣን ሰው አታስገባ የምትል። በር እንደመቆለፍ ነው። ያን ቀን ሥራ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዕቃ ስጭን ያፏጨሁ ይመስለኛል።

ሦስት አርብ በሰላም አለፈ። ሮማነወርቅ እሑድ እሑድ ደወለች፣ የለም አልኳት። በሦስተኛው እሑድ ስብሰባ ላይ ነጅሙዲን ጠጋ ብሎኝ «ንዋይ፣ ገጹ እንዴት ነው? ጸጥ አለ አይደል?» አለኝና ፈገግ አለ። በቃ፣ ደሜ ፈላ። ጸጥ ማለቱን በምን አወቀ?

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ሴንት ፖል ነዳሁ። ነጅሙዲን የአንድ ሠርግ ካርድ እየከረከመ ነበር። ሰላምታም ሳልሰጠው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ምንድነው?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ። በየአርቡ ሱብሂ ሰግደህ የምትጽፈው።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ እሱም አናደደኝ። «እኔ ለሱብሂ ተነስቼ ያንተን ዌብሳይት ላበላሽ? አላህ ይይልህ ንዋይ። እዚህ ሱቅ ኢንተርኔት ሁክ አፕ ካስደረግኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። እቤቴ ደግሞ ጭራሽ የለም። ጸጥ አለ ያልኩህ ከፍቼ ሳየው የሚጽፍ ሰው ስላጣሁ ነው፤ አዘንኩልህ እንጂ አልሳቅኩብህም።»

ከዚያ ወረቀቱን ወደ መብራቱ ወሰደው። በጣቱ እየተከተለ ማየት ጀመረ። ለሠርግ ካርድ ስህተት የሚፈልግበት አስተያየት ነው፤ ቃሉን ሳይሆን ቅርጹን የሚያይ። ሲቆይ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ምልክት በየጥቂት ቃሉ ትመጣለች» አለ። «መጨረሻም ላይ አለች። ከእሷ በኋላ ሁልጊዜ ክፍት ቦታ አለ። አየሃት? አራት ነጥብ ናት።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ይሄ ኮድ አይደለም እያልኩህ ነው። አማርኛ ነው። በሌላ ፎንት የተጻፈ አማርኛ። ኮምፒውተሩ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፤ በአንዱ ፎንት መ ብሎ የሚያወጣው ቁጥር በሌላው ቿ ይሆናል። ያንተ ገጽ ሁሉንም ባንተ ፎንት እንዲያሳይ አስገድደኸዋል። እኔ እኮ የዚያን ቀን ነግሬህ ነበር፤ ሰው ሁሉ ባንተ ፊደል አይጽፍም ብዬ። ፋይሉን ዲሊት አደረግከው?»

ፍሎፒው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ማስረጃ ነዋ፤ ከኪሴ አውጥቼው አላውቅም። ነጅሙዲን ማሽኑ ላይ ከፈተው፣ ጽሑፉን በሙሉ መረጠው። «ናይሮቢ ያለ የኛ ልጆች ጽሕፈት ቤት ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራው፣ እኔም ዲስኩን ያገኘሁት ከዚያ ነው» እያለ ፎንቱን ወደ ራሱ ቀየረው።

ቿዎቹ ሁሉ ተነሱ። በቦታቸው ሰው ተናገረ።

«ለዚህ መዝገብ ጠባቂ። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሁለቱ ወጥተው ካየኋቸው በኋላ ጠፍተዋል። ሮማነወርቅ የምትፈልገው ወንድሟ ናሆም ፈለገ እኔ ነኝ። በአማርኛ ጻፉ ስለሚል በአማርኛ ጽፌአለሁ። አለቃዬ አርብ ለጁምዓ ሲወጣ ሱቁን እጠብቅለታለሁ፤ ማሽኑን የማገኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። የምገኝበትን ስልክ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ጽፌዋለሁ። የሰው ስልክ ስለሆነ ደጋግሜ አደባባይ ላይ ማውጣት አልፈልግም። እኔ መሆኔን ከተጠራጠረች ግራ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ እኔ በወረወርኩት የቀለም ቆርቆሮ መሆኑን ንገሯት።»

ነጅሙዲን መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ።

«የመጀመሪያው ደብዳቤ የታለ?» አለኝ።

«አጠፋሁት።»

«ኮፒ?»

«የለም።»

ከሁሉ የሚከፋውን ያን ጊዜ አልነገርኩትም። ስልክ ቁጥሩ ማንም ፎንት ሳይቀይር፣ ማንም ሳይተረጉም፣ ስክሪኔ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ነበር። እኔ ግን መፍቻ ነው ብዬ ደመሰስኩት። ፎንት ምን እንደሚያደርግ የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ አራት ወር ስታገልበት የከረምኩ ሰው ነኝ። ያልታየኝ ስለማላውቅ ሳይሆን ሌላ ነገር ማየት ስለፈለግሁ ነው። ያ መርማሪዬም የሱሪ ልክ አይቶ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ እቤቴ ገብቼ ያቺን የቆለፍኩባትን መስመር አነሳኋት። ከዚያ ሎጉን ከፈትኩ፤ ያ የአሜሪካ ሳተላይት ድርጅት ለኬንያም መስመር ይሸጥ ኖሯል፣ የእኛ ጎህ ደግሞ የኬንያ ቀትር ነው። ሰርቨሩ የመለሳቸውንም ይመዘግባል። ከቆለፍኩ በኋላ በመጀመሪያው አርብ ያ ቁጥር አስራ አንድ ጊዜ ሞክሮ አስራ አንዴ ተመልሷል። በሁለተኛው አርብ አራት ጊዜ። በሦስተኛው አንድ ጊዜ። ነገ አርብ ነው።

ስልክ ልደውልላት አሰብኩና ፈራሁ፤ በስልክ የሚነገር አልመሰለኝም። ቡርንስቪል ድረስ ነዳሁ። ሮማነወርቅ ከሥራ ልብሷ ገና አልወጣችም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ነጅሙዲን ያተመልኝን ወረቀት ሰጠኋት። አነበበችው። ጣቷ ሳታዝዘው ወደ ግራ ቅንድቧ ሄደ። ጠባሳውን እኔ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«መቼ ነው የጻፈው?» አለች።

«ወር ሊሞላው ነው።»

«እሑድ እሑድ የለም ስትለኝ ነበር።»

«አዎ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ኮድ መስሎኝ እንደነበረ፣ ነጅሙዲንን እንደጠረጠርኩ፣ በሩን እንደቆለፍኩበት፣ አስራ አንዱን፣ አራቱን፣ አንዱን። ስጨርስ እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። እሷ «ነገ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለችኝ፤ ሰዓቱንና ቦታውን ስነግራት በሩን ዘጋችው።

በማግስቱ አርብ ነጅሙዲን ሱብሂ ሰግዶ በቀጥታ መጥቶ በአራት ሰዓት ተኩል ሱቁን ከፈተልን፤ በፈረንጅ ሰዓት ማለቴ ነው። የገጹ አናት ላይ በእሱ ፎንት ትልቅ አድርገን ጻፍን፤ «ናሆም፣ እህትህ እየጠበቀችህ ነው። ስልክህን ጻፍ።» የእኔ ፎንት ያለበት ሰው ያን ጽሑፍ ሲያይ ትርምስ ነው የሚያየው። አራት ወር የደከምኩበት ገጽ አናቱ ላይ ትርምስ ተለጥፎበት ዋለ።

ሮማነወርቅ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ቆሜ በየደቂቃው ሪሎድ አድርጊው እላለሁ። አምስት ሆነ። አምስት ከሩብ ሆነ፤ ምንም የለም። አምስት ተኩል ሊሆን ሲል ሎጉ ላይ ያ ቁጥር ታየ። ገጹን ከፈተ። ምንም አልጻፈም። ስድስት ደቂቃ ገጹ ላይ ቆየ። ነጅሙዲን በቀስታ «እያነበበው ነው» አለ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ጽሑፍ ገባ።

«አንብቤዋለሁ። ግን ማን እንደጻፈው አላውቅም። ደብዳቤዎቼን አንድ ሰው እየጠበቀ አጥፍቶብኛል፣ ከዚያም በር ዘግቶብኛል። አሁን ደግሞ ስልክህን ስጥ ይለኛል። ያጠፋችው እህቴ ከሆነች ትንገረኝ፤ አልቀየማትም፣ ከእንግዲህም አላስቸግራትም። እሷ ካልሆነች ማን ነው? ይህን ሳላውቅ ቁጥሬን አልሰጥም። አለቃዬ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይመጣል።»

እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር። ያን ጽሑፍ ሳነብ የማላውቀውን ሰው ሳይሆን ራሴን ያነበብኩ መሰለኝ፤ አፈርኩም፣ አዘንኩም።

ሮማነወርቅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከወንበሩ ተነሳችና የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ ጻፍለት» አለችኝ። «እኔ አይደለሁም ብዬ ብጽፍ አያምነኝም። አንድ ጊዜ ብቻዬን ነኝ ብዬ ፈርሜበታለሁ።»

«እኔ ብጽፍስ ያምነኛል?»

«ስምህን ጻፍ።»

ተቀመጥኩ። የነጅሙዲንን ፎንት ቁልፎች አላውቃቸውም። እሱ ከኋላዬ ቆሞ «ያ በዚህ ነው፣ ጠን ለመጻፍ ሁለቴ ንካት» እያለ እየመራኝ በአንድ ጣት ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብሎ የወጣ ጽሑፍ የለም፤ ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል። እንዲህ አልኩ፦

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ንዋይ እባላለሁ፤ የገጹ ጠባቂ ነኝ። እህትህ በየእሑዱ ትጠይቀኝ ነበር፤ የለም እያልኩ አታለልኳት፤ ሳላውቅ ነው። ጽሑፍህ ሊነበብልኝ ስላልቻለ የሚስጥር ኮድ መሰለኝ። ስልክህን መፍቻ ነው ብዬ ደመሰስኩት። በሩን የዘጋሁብህም እኔ ነኝ። አስራ አንድ ጊዜ እንደሞከርክ አይቻለሁ። እሷ አሁን አጠገቤ ቆማለች።»

ልልከው ስል እጄ ቆመ። ይህ መዝገብ የግል ደብዳቤ አይደለም። ማኅበሩ በሙሉ፣ ከአትላንታ እስከ ስቶክሆልም ያለ ሰው ሁሉ ያነብበዋል። ስሜን አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጥፋቴን ከሥሩ እንዳይጽፍብኝ ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠነቀቅ ኖሬአለሁ። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩት።

አንድ ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ። አለቃው የመጣበት መሰለኝ። እህቱ ከእንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠላኝ መሰለኝ፤ መብቷም ነው አልኩ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሮማነወርቅ እጇን ዘርግታ ገጹን ራሷ ሪሎድ አደረገችው።

ስምንት አሃዝ። ሌላ ቃል የለበትም፤ ስም የለ፣ ሰላምታ የለ። በዜሮ ሁለት፣ በናይሮቢ መለያ ይጀምራል። ለማንበብ የማንም ፎንት አላስፈለገም፤ በእኔም ቢሆን በነጅሙዲንም ቢሆን ያው ነው።

ነጅሙዲን የሱቁን ስልክ አንስቶ ሰጣት። የኬንያን ኮድ ነገርኳት፤ እሷ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በቃሏ ይዛው ኖራለች፤ እኔ ሳልጨርስ ደወለች። ሲጠራ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ሲነሳ እኔ ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ፤ የምሰማው ነገር የእኔ አልነበረም።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ገጹን ለሌሎች ሰጥቶ ሁለት ጊዜ አሠርቶታል። የእንግዶች መዝገቡን አሮጌ ነው፣ እናንሳው ሲሉ እኔ ብቻ ተቃወምኩና አቆየሁት። ሌላውን ሁሉ አጸዳድቻለሁ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» የምትለውን የእኔን መስመር ለማጥፋት የይለፍ ቃሉ በእጄ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አልነካኋትም።